ልጄ ያልበላችው ዶሮ

ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ካቦ ነበሩ፤ የቀን ሠራተኞች አለቃ ማለት ነው። ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሚኤሶ በሚወርደው መንገድ ላይ ዝናብ ያፈረሰውን ሲያስደለድሉ፣ የተቦረቦረውን ሲያስሞሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ያድሩ ነበር። ቤት የሚመጡት ቅዳሜ ማታ ነው፤ ሰኞ ማለዳ ይመለሳሉ። አንድ ክረምት ጎርፍ ድልድይ ወሰደና ከወር በላይ ሳይመጡ ቀሩ። በመጨረሻ ጭቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ የግቢያችንን በር ከፍተው ሲገቡ፣ አፉን ከፈታ ብዙም ያልቆየው ትልቁ ልጃችን አይቷቸው ጮኸ።

"እማዬ! ሰውዬ መጣ!"

ቀሚሴን ይዞ ከኋላዬ ተሸሸገ። ባለቤቴ በሩን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

"እኔን ነው?" አሉኝ። "ልጄ እኔን ነው ሰውዬ የሚለኝ?"

ድማሚት ፈንድቶ ከጎናቸው ሰው እንደወደቀ የነገሩኝ ዕለት እንኳ ፊታቸው እንደዚያ ቀን አልጠቆረም። የገዛ ልጅ አባቱን እንደ መንገደኛ ሲፈራ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። በማግስቱ እሑድ ስለነበር ያንኑ ቀን ደንብ አወጣሁ፤ እሑድ አመሻሽ ላይ ሁላችንም ከአንድ ገበታ እንበላለን፤ ማንም ቀድሞ አይበላም፤ ማንም አይቀርም። ባለቤቴ ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩበት። ጸሎት አድርገው እንጀራውን ከቆረሱ በኋላ፣ እያንዳንዱን ልጅ በተራ "ሳምንቱ እንዴት ዋለ?" ይሉታል። ልጁ ያለውን ሳይናገር አይጎርስም።

ከትልቁ ወንድ በኋላ ሁለት ሴቶች ወለድኩ። ትንሿ ጥያቄው ሲደርሳት "ደህና ዋለ" ትልና ቶሎ ወደ ወጡ ትገባለች። መካከለኛዋ ግን ወሬ ታውቅበታለች። የአስተማሪዎቿን አረማመድ፣ በገበያው መሀል የተጣሉትን ሴቶች አነጋገር፣ ሁሉን ቁጭ አድርጋ ታመጣዋለች። አባቷ የቆረሱትን እንደያዙ ይስቃሉ። እሷ ስታወራ ምግቡ ይበርዳል፤ ማንም ግን አይቸኩልም። ባለቤቴ ከልጆቼ አላበላልጥም ይሉ ነበር፤ ሦስቱም ልጆች ግን ማንን እንደሚያበልጡ ያውቁ ነበር።

ልጅ ሲያድግ የእሑድን እራት የሚወድ አይምሰላችሁ። ትልቁ ልጄ ሚኤሶ ካለ ጋራዥ መካኒክ ሆኖ ከተቀጠረ በኋላ አንድ እሑድ ቀረ፤ ሥራ በዛ አለ። ሌላ እሑድ ቀረ፤ መኪና አጣሁ አለ። ከሚኤሶ አሰበ ተፈሪ የሚወጣ የጭነት መኪና መቼም ጠፍቶ አያውቅም። በሦስተኛው አባቱን "ይነሱ" አልኳቸውና ወጡን በሰሃን፣ እንጀራውን በአገልግል አድርጌ፣ ሁለቱን ሴቶች አስከትዬ ወረድን። ጋራዡ በር ላይ፣ ከተደረደሩት መኪኖች ጥላ ሥር፣ ጋቢ አንጥፌ ገበታውን ዘረጋሁ። ልጄ ከመኪና ሥር በጀርባው ተስቦ ወጣና አየን። ዘይት ከነካው ፊቱ ላይ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

"እማዬ፣ ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። እሑድ ነው። እጅህን ታጠብ።"

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። ልጄ አንገቱን ደፍቶ በላ፤ አባቱም ምንም እንዳልተፈጠረ "ሳምንቱ እንዴት ዋለ?" አሉት። ከዚያ ወዲህ እሑድ ሳይመሽ በራችን ላይ ይደርስ ጀመር። ነገሩን ለሰው ሁሉ በኩራት አወራሁት። ገበታዬን ከእንግዲህ የሚያፈርሰው ነገር የለም ብዬ አሰብኩ።

መካከለኛዋ ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆነችና መቻራ ተመደበች። መቻራ በበዴሳና በገለምሶ ታልፎ የሚደረስበት የቡና አገር ነው፤ መንገዱ በደረቅ ጊዜ ያንገላታል፣ በዝናብ ጊዜ ጭራሽ ይዘጋል። ቤት የተከራየችው ከአንድ የቡና ነጋዴ ቤተሰብ ግቢ ነበር፤ እስላሞች ናቸው፤ ደጎች ናቸው አለችን። ቅዳሜ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ቡና በጫነ መኪና ተሳፍራ ትመጣለች፤ ሰኞ በማለዳ ትመለሳለች። አንዳንዴ አቧራ ለብሳ ስትገባ ዓይኗና ጥርሷ ብቻ ነው የሚለየው። ቢሆንም አትቀርም ነበር።

ከመስቀል በኋላ ግን ብዙ እሑድ በተከታታይ ቀረች። በሾፌር መልእክት ሰደድኩ፤ መልስ የለም። ደግሜ ሰደድኩ። በመጨረሻ "ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" የሚል ቃል መጣልኝ። ተናደድኩ። አባቷ "ተያት፣ ልጅ ናት፣ ትመጣለች" አሉ። እውነትም በገና ሰሞን መጣች። ከስታለች፤ ፊቷ ገርጥቷል፤ የመንገዱ ድካም ነው አለች። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ጾሙን ሙሉ እሑድ እሑድ እየመጣች ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ከእኛ ጋር በላች። የመቻራን ወሬ አወራች፤ አባቷን አሳቀች። ለፋሲካ ግን ዝናብ መንገዱን ዘጋው ብላ ቀረች።

የመጣችው ለዳግማ ትንሣኤ ነው። እኔም የፋሲካው ስለቀረባት ሌላ ዶሮ አሳረድኩ። ሁላችንም በጊዜ ተሰበሰብን፤ ትልቁም ከሚኤሶ ደረሰ። ባለቤቴ ጸሎቱን አድርሰው እንጀራውን ቆረሱና፣ ያን ዕለት የሳምንቱን ነገር ሳይጠይቁ፣ ከመላላጫው ሥጋ ላጥ አድርገው በእንጀራ ጠቀለሉ። ወደ መካከለኛዋ ዘረጉት።

"ይህቺ የመቻራ መምህርት ከስታብኛለች። በይ፣ አፍሽን ክፈቺ።"

ልጄ አፏን አልከፈተችም።

"አባዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"በሞቴ!"

አባቷ በሞቴ ብለው ያቀረቡትን ጉርሻ በዚያ ቤት እምቢ ያለ ሰው የለም። እሷም ብትሆን በሕፃንነቷ ጠግባ እንኳ ትጎርስላቸው ነበር። አሁን እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንባዋ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። የአባቷ እጅ በአየር ላይ ቀረ፤ ወጡ በክንዳቸው ላይ ቁልቁል ሲንጠባጠብ ይታየኛል።

"ታመምሽ እንዴ?" አልኳት።

"አልታመምኩም፣ እማዬ። የክርስቲያን ሥጋ መብላት አልችልም። አግብቻለሁ። ኒካህ አስረናል።"

ኒካህ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ አሰበ ተፈሪ ላይ የማያውቀው ሰው የለም። ግን ከልጄ አፍ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ጠፋብኝ።

"ከማን ጋር?" አለ ወንድሟ።

"ከቤት አከራዮቼ ልጅ ጋር። ከቡና ነጋዴው ልጅ።"

"ሃይማኖትሽስ?"

"የእነሱን ይዣለሁ።"

ሁልጊዜ ከ"ደህና ዋለ" የማታልፈው ትንሿ ልጄ ያን ዕለት እሷ ናት የጠየቀችው። "መቼ ነው ያገባሽው?"

"ሁዳዴ ሳይገባ።"

"ሁዳዴን ሙሉ እዚህ እየመጣሽ አብረሽን ስትበዪ... አግብተሽ ነበር ማለት ነው?"

"አዎ።"

ከሁሉ በላይ የመታኝ ይሄ ነው። ያን ሁሉ እሑድ ከጎኔ ተቀምጣለች። ከአንድ ገበታ ቆርሰናል። የጾም ምግብ ስለሆነ እሷም በልታለች፣ እኛም በልተናል። እኔ እናቷ ምንም አላየሁም። ሻሽ አስራ ስትመጣ እንኳ የአቧራው ነው ብያለሁ።

ባለቤቴ ጉርሻውን ከገበታው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡና አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ትልቁ ልጄ ወደ ሚኤሶ የሚወርድ መኪና ፍለጋ ሄደ። ዶሮው ማንም ሳይነካው አደረ፤ በማግስቱ ለጎረቤት ሰጠሁት። ሰኞ ማለዳ ባለቤቴ ልጅቷ ሳትነሳ ወደ ሥራቸው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ።

"ስሟ በዚህ ቤት አይጠራ።"

አልተጠራም። እሑድ ሲደርስ እንደ ልማዴ ገበታውን አቀረብኩ። ባለቤቴ ትልቁን "ሳምንቱ እንዴት ዋለ?" አሉት። ከእሱ ቀጥለው መካከለኛዋ ትቀመጥበት ወደነበረው ስፍራ ዞሩ፤ አፋቸው ሊከፈት ሲል ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ወደ ትንሿ አለፉ። በሌላውም እሑድ እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ጨርሶ መጠየቁን ተዉት። ትልቁ ልጄ "እሷ ወደዚህ ቤት ከተመለሰች እኔን አታዩኝም" ብሎ ማለ። በአንድ ጉርሻ ሰበብ ገበታዬ ሰው የሚበላበት ሳይሆን ሰው የሚፈራራበት ሆነ።

ክረምቱ ሳይገባ፣ ለባለቤቴ ሳልነግር፣ በአዘቦት ቀን ቡና ሊጭን በሚሄድ መኪና መቻራ ሄድኩ። ሐሳቤን አልደብቅም፤ ልጄን ይዤ ልመለስ ነበር። መንገዱን ሙሉ ለዚያ ልጅና ለእናቱ የምናገረውን ስደረድር ሄድኩ። በዴሳን አልፌ፣ ገለምሶን አልፌ፣ ስድቡ አላለቀብኝም ነበር።

ግቢው ስደርስ ልጄ ትምህርት ቤት ነበረች። በሩን የከፈተችልኝ የልጁ እናት ናት፤ በዕድሜ እኔን የምታህል፣ ረጅም፣ እጇ በሥራ የሻከረ ሴት። አላውቃትም፤ እሷ ግን አንዴ ፊቴን አይታ ማን እንደሆንኩ ገባት።

"ባጋ ነጋን ዱፍቴ! እንኳን በሰላም መጣሽ! ግቢ፣ እህቴ፣ ግቢ።"

አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ አንቱታ የለበትም። እኔ ቁጣዬን እንደተሸከምኩ ቆሜያለሁ። እሷ እጄን ይዛ አስገባችኝና ከአንድ አልጋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ።

"ልጅሽ እዚህ ነው የተኛችው" አለችኝ፣ አልጋውን መታ መታ አድርጋ። "ወባ ይዟት። ብዙ ቀን። ውሃ እንኳን አይገባም። ሞተች ብዬ አልቅሻለሁ፣ ወላሂ።"

"መቼ?"

"ከመስቀል በኋላ። ለአንቺ በሾፌር ላክሁ። አልደረሰሽም?"

አልደረሰኝም ነበር። ያን ጊዜ ነው በልጄ የተናደድኩት። ደህና ነኝ የሚለውን ቃል የላከችው ከአልጋ ሳትነሳ ነው ለካ፤ እንዳልደነግጥ።

እናትየው ቀጠለች። ልጇ በበቅሎ ገለምሶ ድረስ ሄዶ መድኃኒት አምጥቷል። እሷ ከአልጋው አልተለየችም። ከዚያም ዛሬም የማልረሳውን ነገር ነገረችኝ።

"አንድ ቀን ዓይኗ ተገለበጠ። በቃ፣ ትሄዳለች አልኩ። ልጄን 'ሂድ፣ ቄስ ጥራ' አልኩት። ያኔ የእናንተ ናት። ያለ ሃይማኖቷ ከቤቴ እንዴት ትወጣለች? እናቷ ብትጠይቀኝ ምን እላለሁ?"

"ቄስ አስጠራሽላት?"

"መጣ። መስቀል ይዞ መጣ። እዚሁ ቆሞ ደገመ። እኔ በር ላይ ሆኜ ዱዓ አደረግሁ። አልሃምዱሊላህ፣ በማግስቱ ውሃ ጠጣች።"

የደረደርኩት ስድብ ሁሉ ከየት ወዴት እንደሄደ አላውቅም። የማላውቃት የእስላም ሴት በራሷ ቤት፣ ጎረቤቶቿ እያዩ፣ ለልጄ ቄስ አስጠርታለች። እኔ ብሆን ለእሷ ልጅ ሼህ አስጠራ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ መልሱንም ፈራሁት።

ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ስታየኝ ያቀፈችው ደብተር ከእጇ ወደቀ። ተቃቅፈን ቆየን። ምሳ ቀረበ። እኔ እንዴት አድርጌ አልበላም እንደምል ሳስብ፣ እናትየው ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋች።

"ሥጋ የለውም። ድንች ነው፣ ምስር ነው። የእኛን ሥጋ አትበዪም፣ እሷ የናንተን አትበላም። ሥጋ ብቻ ነው እንዴ ምግብ? ብዪ።"

በላሁ። ባልየው መጣ፤ ዓይን አፋር፣ ቁመቱ የእናቱ የሆነ ልጅ። ገበታው ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልደፈረም። ሳልወጣ ለልጄ "ቅያሜዬ አልወጣልኝም" አልኳት፤ እውነቴን ነው። እሷም "አውቃለሁ፣ እማዬ" አለችኝ። ይዣት ልመለስ የሄድኩትን ልጅ ትቻት ብቻዬን ተመለስኩ።

በመኪናው ላይ እየተንገጫገጭኩ አንድ ነገር ብቻ ሳመላልስ መጣሁ። ሁዳዴን ሙሉ አብረን በልተን የለም ወይ? ገበታውን ማን ከፈለው? እኔ ያሳረድኩት ዶሮ ነው።

በመጣው እሑድ ሽሮ ሠራሁ። ምስርና ጎመን ጨመርኩበት። ባለቤቴ አዩትና ግራ ገባቸው።

"ዛሬ ምን ጾም ነው?"

"ጾም አይደለም። ከእንግዲህ የእሑድ እራታችን ይህ ነው።"

"ለምን?"

"ማንም የሚበላው ምግብ ስለሆነ።"

ገባቸው። ስም አልጠራሁም፤ የተከለከልኩት ስም መጥራት ነው። መቻራ መሄዴንም፣ የወባውን ነገርም፣ የቄሱን ነገርም እንዳልነግራቸው አፌ ታስሯል። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ቆረሱና በሉ። ትልቁ ልጄ ግን ገበታውን ገፍቶ ተነሳ።

"ለእሷ ነው አይደል? እሷ በሌለችበት እንኳ ለእሷ ነው የምትሠሪው!"

ወጣ፤ በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም። ሚኤሶ ገበታ ይዤ ልውረድ ብዬ አሰብኩና ተውኩት፤ ያኔ ልጅ ነበር፣ አሁን የሸሸው ከሥራ ብዛት አይደለም።

ወሬውም ከተማውን አዳረሰ። የማርያም ማኅበር ላይ ድግስ የማወጣበት ተራዬ ሲደርስ ሁለት ሴቶች ቤቴ መጥተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ "ለጊዜው ተራሽን ብታሳልፊ ይሻላል" አሉኝ። ከእነዚህ ሴቶች ጋር ክርስትና ተነሳስተናል፤ ምጥ ላይ ተያይዘናል። ከሄዱ በኋላ እንሥራውን ይዤ ወደ ቦኖው ወጣሁ። መንገድ ላይ ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። እንደዚያ ያለ ነገር በኔ ላይ ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቢሆንም እሑድ ሽሮውን አልተውኩም። ሦስት ሆነን፣ ባለቤቴ፣ ትንሿና እኔ፣ ክረምቱን ሙሉ እሱኑ በላን።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሳይመጡ ቀሩ። የፈረሰ ድልድይ የለ፣ ጎርፍ የለ። እሑድ ከሰዓት ድረስ ጠበቅኩ። ከድንኳናቸው የመጣ አንድ ሠራተኛ አግኝቼ ስጠይቀው "ካቦ አርብ ዕለት ፈቃድ ወስደው ሄደዋል" አለኝ። ወዴት? አያውቅም። አርብ የወጣ ሰው እሑድ ድረስ የት ይውላል? አንድ ነገር ሆነዋል ብዬ፣ ትንሿን ጎረቤት ልኬ፣ ልወጣ ነጠላዬን ሳነሳ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። መኪናው የመጣው ግን ከሚኤሶ በኩል አይደለም። ከበዴሳ በኩል ነው።

የቡና መኪና ነበር። ከፊት ወንበር ባለቤቴ ወረዱ፤ ከራስ እስከ እግራቸው አቧራ ናቸው። ዞረው እጃቸውን ዘረጉና ልጄን ደግፈው አወረዷት። እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ከላይ፣ ከጆንያዎቹ መሀል፣ ባሏ ዘለለ።

እኔ ነጠላዬን እንደያዝኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መሳቅም ማልቀስም አልቻልኩም። ዓይኔ የሚያየውን ልቤ አልቀበል አለ። ባለቤቴ አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ።

"እራት ደርሷል?" አሉ።

"የት ነበሩ እርስዎ?"

"ጥያቄውን በኋላ። ሰዎቹ ተርበዋል።"

ገቡ። ጸሎቱን ባለቤቴ እንደ ሁልጊዜው አደረሱ፤ አማቻችን በጸጥታ ቢስሚላህ አለ። ሽሮውን በላን። ልጆቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲበሉ እኔ እንደ ሕልም አያቸዋለሁ፤ ብናገር የምነቃ ይመስለኛል።

ባለቤቴ የነገሩኝ በማግስቱ ማለዳ ነው፤ ወደ ሥራ ሊወጡ ጫማቸውን እያሰሩ።

"ልጅቷን ልመልስ ነበር የሄድኩት" አሉ። "ባትመጣም ረግሜያት ልመለስ።"

"እሺ?"

"እናትየው አልጋውን አሳየችኝ።"

የጫማቸውን ማሰሪያ ይዘው ቀሩ።

"ቄስ አስጠርታላታለች። አውቀሽ ነበር?"

"አውቄ ነበር።"

"እና ምነው አልነገርሽኝም?"

"ስሟ እንዳይጠራ ብለው።"

ቀና ብለው አዩኝ። ያን ዕለት በሩ ላይ ያን ቃል የተናገሩ ሰው እሳቸው መሆናቸውን እንደ አዲስ የሰሙ ያህል ነበር አስተያየታቸው። "ለካ እንዲያ ብዬሻለሁ" አሉና ወጡ። ስለ ሃይማኖቱ ነገር ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ለልጅቷ አንድም ቃል አልተናገሯትም። ተቀብለውት አይደለም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ የሚቆዩት ጊዜ ረዝሞ እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ለማን እንደሚጸልዩም አውቃለሁ።

ወደ ድንኳናቸው ከመመለሳቸው በፊት መጀመሪያ ሚኤሶ ወርደው ለትልቁ ልጄ ነገሩት። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። በሁለተኛው ሳምንት መጣ፤ ፊቱ እንደተቋጠረ። እህቱን ሳማት፤ ለአማቹ ግን በሩቁ ራሱን ነቀነቀለት። ገበታ ላይ ሆነው ትንሽ እንደቆዩ አማቻችን ለማንም ሳይሆን እንዲሁ "መኪናችን ዳገት ላይ ይታፈናል፣ ምን እንደሆነ እንጃ" አለ።

ልጄ መቋጠሩን ረሳው። "ነጭ ጭስ ነው ወይስ ጥቁር?"

"ጥቁር።"

"ነገ ጠዋት ሳትሄድ ልየው።"

በማግስቱ ሁለቱም ከመኪናው ሥር ገብተው እግራቸው ብቻ ይታይ ነበር። ይህን ያህል ነው። አልተቃቀፉም፣ አልተላቀሱም። ግን ከዚያ በኋላ እሑድ አልቀረም።

ማኅበርተኞቼ ተራዬን እስኪመልሱልኝ ዓመት አለፈ። ከመሀላቸው አንዷ እስከ መጨረሻው ሰላምታዬን አልመለሰችም፤ ይህንንም ለምጄው ኖርኩ። ልጄ ወንድ ወለደች። ትንሿ ልጄ ነርስነት ልትማር ሐረር ሄደች፤ የምትመጣው በወር አንዴ ሆነ። ባለቤቴም ጡረታ ወጡ። ያኔ መኪና ሲገኝ በበጋው እኛ ወደ መቻራ መሄድ ጀመርን፤ እሑዱ እዚያ ይውላል፣ እዚያም ያለ ሥጋ ነው።

በመጀመሪያው ጉዟችን ከትልቁ ልጄ ጋር ሆነን፣ መንገዱ ወገባችንን ቆርጦት፣ አቧራ ጠጥተን ስንደርስ፣ እናትየው በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

"አንተ ካቦ አይደለህ? ይሄን መንገድ መቼ ነው የምትሠራው?"

እኔ ደንግጬ የምገባበት ጠፋኝ። እንኳን ሰው ፊት፣ በጓዳዬም እኔ ራሴ አንተ ብያቸው አላውቅም። ትልቁ ልጄ ወደ አባቱ ዞረ። ባለቤቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው አቧራውን ጉልበታቸው ላይ አራገፉ።

"እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ" አሉ።

"ታዲያ ግባ ተቀመጥ። ታኢ። ሥራ የፈታ ሰው በር ላይ ምን ያቆመዋል?"

ባለቤቴ ድምፅ አውጥተው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ካየኋቸው ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ጎንበስ ብለው ገቡ፤ እኛም ተከትለናቸው ገባን።